የተሰፋ ጅማትና የደም ፕላዝማ

በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ ከተማ ስለ ጅማትና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም በሚነሣ ጨዋታ ሁሉ «ፕላዝማ» የሚለው ቃል እየተደጋገመ መሰማት ጀምሯል። ጉልበቱን የሚያመው፣ ትከሻው የሚቆረጥመው፣ ጠጕሩ የሚረግፍበት ሰው ሳይቀር፣ የገዛ ደሙ ተቀድቶና ተለይቶ መልሶ ቢወጋለት እንደሚሻለው ይነገረዋል። እኛም የዚህን ነገር እውነት ለመመርመር የተነሣነው፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ጥያቄው ደጋግሞ ስለ መጣብን ነው። ይህ ሰፈር ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከባልቻ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህም እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ በክራንች እየተደገፈ በሕንፃዎቹ መካከል የሚያልፍ ሰው ማየት ለነዋሪው እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «በቀዶ ሕክምና ጅማቱ የተሰፋለት ሰው ፕላዝማ ቢወጋ ጅማቱ ቶሎ ይጠግግለታልን?» የሚል ነው። ስለ ጠጕርና ስለ ፊት ቆዳ የሚባለውን ለሌላ ጊዜ ትተን፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ብቻ እንቆያለን።

አስቀድመን ጅማት የምንለውን ነገር መለየት ያስፈልገናል፤ በአማርኛችን ይህ ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟልና። ደም የሚተላለፍበትን ሥር፣ ስሜት የሚያደርሰውን ነርቭ፣ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ፣ ጡንቻንም ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ሁሉንም «ጅማት» እያልን እንጠራቸዋለን። «ጅማቴ ዞረ» ብሎ ወደ ወጌሻ የሚሄድ ሰው ከአራቱ የትኛው እንደ ታመመበት ለይቶ አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ ጅማት ስንል የመጨረሻውን ብቻ፣ ማለት የጡንቻን ጕልበት ወደ አጥንት የሚያደርሰውን ነጭ ገመድ ማለታችን ነው። የበሬ እግር በቢላዋ ያወራረደ ሰው ያውቀዋል፤ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለጥርስም ለስለትም የማይመች ነው። የቆዳ ሠራተኞች አድርቀውና ሰንጥቀው ክር እያደረጉ ይሰፉበት የነበረው ይኸው ነው።

የዚህ ገመድ ጥንካሬ የሚገኘው ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ክሮች በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው፣ ጥቂቱ በትንሽ እስር፣ ትንሹም እስር በትልቅ እስር ተጠቅልለው ጅማትን ያበጃሉ። ነገር ግን ጅማት ነጭ የሆነበት ምክንያት ድካሙንም ይገልጻል። ጡንቻ ቀይ የሆነው ደም ስለሚበዛበት ነው፤ ጅማት ነጭ የሆነው በውስጡ ያሉት የደም ሥሮችም ሕያዋን ሕዋሳትም ጥቂት ስለ ሆኑ ነው። በተረከዝ ጅማት፣ በሕክምና ስሙ አኪለስ በሚባለው፣ ከተረከዝ አጥንት በላይ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያለው ስፍራ ደም የሚያንስበት ነው ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰውም በዚሁ ስፍራ ነው። ስለዚህ ጡንቻ ሲቀደድ በሳምንታት የሚያገግመው ሰው ጅማቱ ሲበጠስ ወራት ይቆጥራል።

ጅማት በሁለት መንገድ ይበጠሳል። አንደኛው በስለት ነው፤ ቢላዋ፣ የመስኮት መስተዋት፣ ቆርቆሮ፣ የእንጨት ቤት መጋዝ የእጅን ጅማት ይቆርጣል። ሁለተኛው ያለ ስለት የሚመጣ ነው፤ የዚህም ዋና ምሳሌ አኪለስ ነው። በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጠው ሲሠሩ ሰንብተው በእሑድ ኳስ በሚጫወቱ ጐልማሶች ላይ ድንገት ይበጠሳል። የተበጠሰበት ሰው የሚናገረው ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ነው፤ «ከኋላዬ በድንጋይ የመታኝ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብል ማንም የለም» ይላል። በደረቱ ተኝቶ ባቱ ሲጨመቅለት መርገጫው ወደ ታች ካላዘነበለ ጅማቱ መበጠሱ ይጠረጠራል፤ ይህ ምርመራ ከሐኪም እጅ በቀር ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ዳሩ ግን በሽተኛው በሌሎች ጡንቻዎች እየታገዘ እያነከሰ መራመድ ስለሚችል «ወለምታ ነው» ተብሎ በመታሸት ሳምንታት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ወጌሻዎቻችን የወለቀ ትከሻ በመመለስ ያላቸውን ጥበብ አንንቅም፤ የተበጠሰ ጅማት ግን በመታሸት አይገናኝም፣ ጊዜ ባለፈ ቍጥርም ጫፎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ።

ቶሎ የተደረሰበት አኪለስ ያለ ቀዶ ሕክምና በማሰሪያና በተመጠነ እንቅስቃሴ ብቻ ሊድን ይችላል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናን ከመረጠ ግን ሁለቱን ጫፎች አቀራርቦ በብርቱ ክር ይሰፋቸዋል። ከዚህ በኋላ ቤተ ዘመድ «ተሰፋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ» ይላል። በእውነቱ ግን ክሩ የሚሠራው ሥራ የሸክላ ግንብ እስኪደርቅ ድረስ እንደሚያቆመው እንጨት ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተሰፋው ስፍራ ደም ይረጋል፤ የቆሰለውን የሚጠርጉ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት አዳዲስ ሕዋሳት ተባዝተው ኮላጅን ይጥላሉ፤ ይህ የመጀመሪያው ኮላጅን ግን ቀጭንና ሥርዓት የሌለው ነው። ከዚያም ከ6ኛው ሳምንት ገደማ አንሥቶ እስከ 1 ዓመትና ከዚያም በላይ ባለው ጊዜ፣ ደካማው ኮላጅን ቀስ በቀስ በብርቱው ይተካል፣ ክሮቹም በመስመር ይሰለፋሉ። እናቶቻችን ባዘቶውን ይዘው እንዝርቱን ሲያሾሩ ክር የሚወጣው ጥጡ ስለሚሳብ ነው፤ ሳይሳብ ቢቀመጥ ባዘቶ እንደ ሆነ ይቀራል። በጅማትም የሆነው ይኸው ነው። አዲሶቹ ክሮች የሚሰለፉት ጡንቻው በልክ ሲስባቸው ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ፕላዝማው እንለፍ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት በተጨመረበት ቱቦ ደም ቀድተን በላቦራቶሪ ማሽከርከሪያ፣ ማለት በሴንትሪፊውጅ፣ ስናሽከረክረው በዐይናችን እያየነው ይከፈላል። ከባዱ ቀይ የደም ሕዋስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የጠጅ መልክ ያለው ፈሳሽ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል እንደ ስስ ወረቀት ያለ ነጣ ያለ ሽፋን ይታያል። ላይ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ፕላዝማ ነው። በቀስታና ለአጭር ጊዜ ከተሽከረከረ ፕሌትሌት የሚባሉት እጅግ ትንንሽ የደም ክፍሎች በፕላዝማው ውስጥ ተንሳፍፈው ይቀራሉ፤ ያ ፕላዝማ ተለይቶ እንደ ገና በኃይል ቢሽከረከር ፕሌትሌቶቹ ወደ ታች ይሰበሰባሉ። ላዩ ተቀንሶ የሚቀረው ጥቂት ሚሊ ሊትር «በፕሌትሌት የበለጸገ ፕላዝማ»፣ ወይም በተለመደው አጠራር ፒአርፒ ይባላል። በጤነኛ ሰው ደም በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ150,000 እስከ 400,000 የሚሆን ፕሌትሌት አለ፤ ብዙ ሊቃውንት ፒአርፒ ለመባል ቍጥሩ ወደ 1,000,000 መድረስ አለበት ይላሉ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ነገር ለደም ባንክ ከሚሰጠው ደም ጋር ያደባልቁታል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረውና በኋላ ወደ መንግሥት የተዛወረው የደም ባንክ ሥራ ከአንዱ ሰው ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። ፒአርፒ ግን ከሰውዬው ተወስዶ ወደ ራሱ ወደ ሰውዬው የሚመለስ ነው፤ ስለዚህም የደም ዓይነት ማመሳሰል አያስፈልገውም፣ ሰውነቱም እንግዳ ነገር መጣብኝ ብሎ አይቈጣም።

ስለ ፕሌትሌት ያለው ተስፋ ከምን መጣ? የፕሌትሌት የታወቀ ሥራ የተቀደደ የደም ሥር መድፈን ነው። ነገር ግን በሆዱ ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ሕዋሳትን ወደ ቍስሉ የሚጠሩ፣ እንዲባዙ የሚያዝዙ፣ አዲስ የደም ሥርም እንዲበቅል የሚያደርጉ ፕሮቲኖች ተከማችተዋል። ፕሌትሌቱ ቍስል በነካ ጊዜ ከረጢቶቹን ያፈሳል። እንግዲህ ጅማት ደም የሚያንስበት ከሆነ፣ ደግሞም የመጠገግ መልእክተኞች በደም የሚመጡ ከሆነ፣ መልእክተኞቹን አብዝቶ በስፍራው ማፍሰስ ይጠቅማል ማለት ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው አምነነው ነበር ለማለት እንደፍራለን።

በታሪኩ ላይ ብዙ አንቆይም። እ.ኤ.አ. በ1987 በኢጣልያ አገር በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ተሠራበት፤ በ1998 ደግሞ አሜሪካዊው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሮበርት ማርክስ ከባልደረቦቹ ጋር በተተከለ የመንጋጋ አጥንት ላይ ሞክሮ ጥቅም አገኘሁበት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ስፖርት ሕክምና ተሻገረ። የዓለም የጸረ ዶፒንግ ድርጅት በ2010 ወደ ጡንቻ መወጋቱን ከልክሎ ነበር፤ በ2011 ግን ክልከላውን አነሣ። የኛ አገር ሯጮች ያሉበትን ዓለም ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእኛ አስተያየት ስለ ፕላዝማና ስለ ተሰፋ ጅማት ከተሠራው ሥራ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው በስዊድን አገር በሊንሾፒንግ ከተማ የተሠራው ነው። በዚያ የነበሩት ፕሮፌሰር ፔር አስፐንበርግና ባልደረቦቻቸው ሥራቸውን በአይጥ ጀመሩ። የአይጦቹን አኪለስ ቆርጠው፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ለከፊሎቹ የተጠራቀመ ፕሌትሌት ወጓቸው። በ2004 እንደ አስታወቁት፣ ከ1 ሳምንት በኋላ የተወጉት አይጦች ጅማት ካልተወጉት 30 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ተሸከመ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ሊቃውንቱ ግን በዚህ ተደስተው አልቆሙም። ፕሌትሌት ያፈሰሰው ፕሮቲን በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚጠፋ ሆኖ ሳለ፣ አንዲት መርፌ ከ4 ሳምንት በኋላ እንዴት ጅማቱን ብርቱ አድርጋ ልትገኝ ቻለች? ብለው ጠየቁ። መልሱን ለማግኘት የአንዳንዶቹን አይጦች የባት ጡንቻ ቦቶክስ በሚባለው መድኃኒት አሰነፉት፤ ይኸውም ጅማቱ እንዳይሳብ ነው። በ2006 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፤ በ3ኛውና በ5ኛው ቀን ፕሌትሌቱ ጡንቻቸው ለሰነፈባቸውም አይጦች ጠቅሟል፤ በ14ኛው ቀን ግን ጅማቱ ባልተሳበባቸው አይጦች ላይ የፕሌትሌቱ ጥቅም ፈጽሞ ጠፍቷል። እንቅስቃሴ የነበራቸው አይጦች ግን ጥቅሙን እንደ ያዙ ቆይተዋል። በሌላ አነጋገር፣ መርፌው በር ይከፍታል፤ በሩን አልፎ የሚገባው ግን የጡንቻው ስበት ነው።

ከዚህ በኋላ እነዚሁ ሰዎች ነገሩን በሰው ላይ ፈተኑት። አኪለሳቸው ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተሰፋላቸውን 30 በሽተኞች መርጠው፣ 16ቱ 10 ሚሊ ሊትር የተጠራቀመ ፕሌትሌት በተሰፋው ስፍራ እንዲወጉ፣ 14ቱ ምንም እንዳይወጉ አደረጉ፤ ማን በየትኛው ወገን እንደሚሆን የተወሰነውም በዕጣ ነው። የሚያስደንቀው የአለካካቱ ዘዴ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ታንታለም ከሚባል ብረት የተሠሩ እጅግ ትንንሽ ዶቃዎች ከመገናኛው በላይና በታች በጅማቱ ውስጥ ተቀበሩ። ከዚያም በ7ኛው፣ በ19ኛውና በ52ኛው ሳምንት በሽተኛው በእግሩ ኃይል እየተቋቋመ በራጅ ሲነሣ፣ በዶቃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ተለጠጠ ይለካል። ጅማቱ ምን ያህል እንደ ጠና በበሽተኛው አፍ ሳይሆን በዶቃው ይመሰክራል ማለት ነው። ውጤቱ በ2011 ታተመ፤ በጅማቱ ጥንካሬ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ በተረከዝ አነሣሥ ችሎታም ልዩነት የለም። በሽተኞቹ ስለ እግራቸው ሁኔታ በሰጡት ነጥብ ግን ፕሌትሌት የተወጉት ካልተወጉት አንሰው ተገኙ። በአይጥ የተስፋውን ዜና ያሰሙት ሰዎች በሰው ሳይሳካ ሲቀር ያንኑ በግልጽ ማተማቸው፣ ለእኛ ለጀማሪዎች ከውጤቱ ያልተናነሰ ትምህርት ነው። ደግሞም በዚሁ ጥናት ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ተገኝቷል፤ በ7ኛውና በ19ኛው ሳምንት ጅማቱ ጠንክሮ የተገኘ በሽተኛ በዓመቱ ተረከዙን በማንሣት የተሻለ ሆኖ ታይቷል። የመጀመሪያዎቹ ወራት አያያዝ የዓመቱን ውጤት አስቀድሞ ያመለክታል ማለት ነው።

ተቃራኒ ማስረጃ የለም አንልም። በእስፓኝ አገር በ2007 የታተመ ጽሑፍ፣ አኪለሳቸው ሲሰፋ ከፕሌትሌት የተሠራ ዝግጅት የተደረገላቸው 6 ስፖርተኞች ካልተደረገላቸው ሌሎች 6 ይልቅ ቶሎ ወደ ልምምድ ተመለሱ ይላል። ይሁንና ሰዎቹ 12 ብቻ ናቸው፤ ዕጣም አልተጣለም። በፊት በሌላ ጊዜ ከታከሙ ሰዎች ጋር ማመዛዘን፣ የዘንድሮን መከር ከአምና መከር ጋር አመዛዝኖ ልዩነቱን ሁሉ ለማዳበሪያው እንደ መስጠት ነው፤ ዝናሙስ?

ከዚያ ወዲህ የመጡት ታላላቅ ጥናቶች ወደ ስዊድኖቹ ያደላሉ። በእንግሊዝ አገር በ19 ሆስፒታሎች 230 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመው ጥናት፣ አኪለሳቸው ተበጥሶ ያለ ቀዶ ሕክምና በሚታከሙ ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ግማሾቹ ፒአርፒ ተወጉ፤ የቀሩት በባዶ መርፌ ብቻ ተወጉ። ከ24 ሳምንት በኋላ የተጐዳው እግር ከጤነኛው እግር ሥራ የሚሠራው በፒአርፒ ወገን 35 በመቶ፣ በባዶው መርፌ ወገን 39 በመቶ ያህል ነበር፤ ይህም ልዩነት ትርጕም ያለው አይደለም። ሳይበጠስ ለረጅም ጊዜ በሚያም አኪለስ ላይም በሆላንድ በ2010 በ54 ሰዎች፣ በእንግሊዝ በ2021 በ240 ሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ከአስመሳይ መርፌ የበለጠ ጥቅም አላገኙም።

ስለ ትከሻ የሚባለው ግን ይለያል፤ ይህንንም ሳንደብቅ እንጽፋለን። በኮርያ አገር በ2013 የታተመ ጥናት፣ የትከሻ ጅማታቸው በሰፊው ተቀዶ የተሰፋላቸውን 48 ሰዎች ተከታትሎ፣ ፒአርፒ በረጋ መልክ በስፌቱ ላይ ከተደረገላቸው 20 በመቶው ብቻ፣ ካልተደረገላቸው ግን 55.6 በመቶው እንደ ገና እንደ ተቀደደባቸው አሳየ። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ዳሩ ግን በኢጣልያ በ2011 በ88 ሰዎች፣ በኒው ዮርክም በ2012 በ79 ሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቅም አላገኙም። ልዩነቱ ከዝግጅቱ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ የሚያዘጋጀው በነጭ የደም ሕዋስ የተሞላ፣ ሌላው የተጣራ፣ አንዱ የረጋ፣ ሌላው ፈሳሽ ነው፤ ስሙ ግን ለሁሉም «ፒአርፒ» ነው። ጠላ ሁሉ ጠላ ይባላል፤ የተጠመቀበት ግን እንደየቤቱ ነው።

ለመሆኑ ያ ያማረ ሐሳብ በተሰፋ አኪለስ ላይ ለምን አልሠራም? ፕሌትሌት ከተቀሰቀሰ በኋላ በከረጢቱ ያለውን አብዛኛውን ፕሮቲን የሚያፈስሰው በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ያለ ፕሌትሌት ራሱም ከ7 እስከ 10 ቀን በላይ አይኖርም። ጅማት ግን 1 ዓመት ይፈልጋል። ደግሞም በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ስፍራው ደም አጥቶ አይደለም፤ ተቆርጦ፣ ደምቶ፣ ደሙም ረግቶበት ነው የሚዘጋው። ፕሌትሌት በሌለበት ስፍራ ላይ ሳይሆን ባለበት ላይ መጨመር ነው። አይጥ በማግስቱ ትሮጣለች፣ ጅማቷንም ትስባለች፤ ሰው ግን በማሰሪያ ተይዞ ይተኛል። የኛ ግምት እንዲህ ነው፤ በአይጥ የታየው ጥቅም በሰው የጠፋበት ምክንያት ቢያንስ በከፊል ይኸው ነው እንላለን።

በእጅ ጣት ጅማት ላይ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይገባል። የጣት ጅማት በጠባብ ሰገባ ውስጥ እየተንሸራተተ የሚሠራ ነው። ተሰፍቶ ሲጠግግ ዋናው ጠላቱ ከሰገባው ጋር መጣበቅ ነው፤ ተጣብቆ የቀረ ጅማት ምንም ቢጠና ጣቱ አይታጠፍም። እንግዲህ በዚያ ጠባብ ስፍራ አዲስ ሥጋ የሚያበቅል ነገር ማፍሰስ የሚጠቅም ነው ወይስ የሚጐዳ? ጥያቄው ሳይመለስ መርፌውን መግዛት ትክክል አይመስለንም።

ይህ ሁሉ ክርክር ለአንድ ሰው ምን እንደሚሆን ለማሳየት በልደታ ኮንዶሚኒየም ያገኘናቸውን አንድ ጐረቤት እናነሣለን። እኒህ ሰው የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ የተበጠሰው የግራ እግራቸው አኪለስ ነው። የግራ እግር ለሹፌር ፍሪሲዮን የሚረገጥበት እግር ስለ ሆነ፣ እስኪድን ድረስ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የቀኑ ገቢ ግማሹ ለዚያ ሰው ይሄዳል። ጅማታቸው በሚገባ ተሰፍቶላቸው ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ 3 ጊዜ ፕላዝማ ቢወጉ በግማሽ ጊዜ መንዳት እንደሚችሉ ተነገራቸው። ለዚህ የተጠየቁት ገንዘብ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጡት ነበር። «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ልስጥ ወይስ ልተው?» ብለው ጠየቁን። እኛ ሐኪሞች ስላይደለን፣ የሰፋቸውን ሐኪም ሳይጠይቁ አንዳች እንዳያደርጉ ነገርናቸው፤ ከዚህ በላይ የተረዳነውን ግን አልሸሸግናቸውም። «ጋሼ፣ በግማሽ ጊዜ ያድናል የሚል በዕጣ የተደረገ ጥናት አላገኘንም» አልናቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣ «እንግዲያው ያ ሰው ግማሹን ከየት አመጣው?» አሉ። ጥያቄያቸው የሊቅ ጥያቄ ነበር።

በኋላ ሐኪማቸው ፕላዝማውን ሳይሆን የፊዚዮቴራፒ ክትትሉን እንዳያቋርጡ አጥብቆ አዘዛቸው። የክትትሉ ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ተረከዙ በጫማ ውስጥ በሚደረግ ሽብልቅ ከፍ ይላል፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሽብልቁ እየቀነሰ፣ በእግሩ ላይ የሚጫነውም ክብደት እየጨመረ ይሄዳል። በኋላም በሁለት እግር፣ ከዚያ በተሰፋው እግር ብቻ ተረከዝን ማንሣት ይመጣል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ለዚህ ልምምድ ደረጃውን ያገኛል፤ ያው ደረጃ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አደገኛው ነው። ተንሸራትቶ ባልታሰበ ኃይል የረገጠ ሰው ስፌቱን ሊበጥስ ይችላልና፣ መቼ በየትኛው እግር እንደሚወጣ የሚያዝዘው ባለሙያው ነው። እኒህ ሰው የሚኖሩት ከላይኛው ፎቅ ስለ ሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከምድር ቤት ወዳለ ዘመድ ቤት ወረዱ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን ለመርፌ ገንዘብ ሲያፈላልግ ይህን አያስብም።

ፕላዝማ ሳይታከልበት የቀዶ ሕክምና ጅማት ምን ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ከአገራችን ሰው የተሻለ ምሳሌ የለም። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ ወርቅ ሲያገኝ አኪለሱ ታምሞ ነበር። ከውድድሩ በኋላ በውጭ አገር በቀዶ ሕክምና ታከመ። በዚያ ጊዜ ፒአርፒ በስፖርተኞች ዘንድ ገና አልተለመደም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በነሐሴ 1993 ዓ.ም.፣ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። በእርግጥ የእርሱ ጅማት እንደ ሹፌሩ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ አልነበረም፤ ክትትሉም የዓለም ሻምፒዮን ክትትል ነው። ነገር ግን በመካከል ያለፉትን ወራት እንቍጠር፤ 10 ወር ከግማሽ ያህል ናቸው። ለኃይሌ ያላጠረ ጊዜ ለሌላው ሰው በ3 መርፌ ያጥራል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ፒአርፒ ከራስ ደም ስለ ሆነ «ባይጠቅምም አይጐዳም» የሚሉ አሉ። ይህን አባባል ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። ደም ከክንድ ወጥቶ፣ ከቱቦ ወደ ቱቦ ተገልብጦ፣ እንደ ገና ወደ ሰውነት ሲመለስ በመካከሉ ንጽሕና ቢጐድል በተሰፋው ስፍራ መግል ሊይዝ ይችላል፤ የተሰፋ ጅማት መግል ከያዘ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአንድ ማሽከርከሪያ ውስጥ የብዙ ሰው ቱቦ በሚገባበት ቤት ስም ካልተጻፈበት የአንዱ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ከሆነ የጉበትና የኤች አይ ቪ በሽታ አደጋ አለ። ሦስተኛውና በእኛ ግምት የሚበዛው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ መርፌውን የተወጋ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ከጊዜው በፊት ይሮጣል፣ ይሸከማል፣ ፍሪሲዮን ይረግጣል።

የሆነ ሆኖ የትከሻ ጅማቱ በሰፊው ተቀዶ የሚሰፋለት ሰው ሐኪሙ ፒአርፒ ቢያነሣለት ጕዳዩ ሊሰማ የሚገባው ነው፤ የኮርያው ጥናት ይህን ያህል ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ የሚችላቸው ነገሮች አሉ። መርፌው የሚሰጠው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በስፌቱ ላይ ነው ወይስ ከሳምንታት በኋላ በቆዳ ላይ? ዝግጅቱ ነጭ የደም ሕዋስ ያለበት ነው ወይስ የሌለበት? የሚያዘጋጀው ማን ነው፣ ቱቦውስ ስሜ ተጽፎበታል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በዚህች ስሪንጅ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ስንት ፕሌትሌት አለ? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ መስጠት አስቸጋሪ አይደለም። ተራውን የደም ምርመራ የሚሠራው መቍጠሪያ በከተማችን በአያሌ ላቦራቶሪዎች ይገኛል፤ ከተዘጋጀው ፕላዝማ ጥቂት ጠብታ ቢሰጡት ቍጥሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣል። የታካሚው ደም 200,000 ፕሌትሌት ኖሮት የተዘጋጀውም 200,000 ሆኖ ከተገኘ፣ ሰውዬው የከፈለው ለፒአርፒ ሳይሆን ለተራ ፕላዝማ ነው።